አሮጌው አስፋልት የት ገባ?

ሐሙስ፣ ሲነጋ፤ ባሕር ዳር

የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ጋሽ ይሁኔ ጥሩምባ አይነፋም። ፒካፑን ቤቴ በር ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ጸሎቱን እያነበነበ ይጠብቀኛል። ዲጂኖውን፣ ዶማውን፣ የናሙና ከረጢቶቼንና ሜትሬን ከኋላ ስጭን ነው «አሜን» ብሎ የወረደው። ታኅሣሥ ነው፤ ከጣና በኩል የሚመጣው ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ጎዳናው ላይ ከጽዳት ሠራተኞች፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ከሚሄዱ ሰዎችና ከእኛ በቀር ማንም የለም።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልንቆፍር ነው፣ ኢንጂነር?»

«አስፋልት።»

«እኔ የማውቀው አስፋልት ሲሠራ ነው። ተቆፍሮ ምን ይገኛል?»

ለአንባቢም መልሱን እዚህ ላይ ልናገር። የእኔ ሥራ ያረጀ አስፋልት ነው። መንገድ ሲታደስ የድሮው ጥቁር ንጣፍ ይነሣና ዳር ላይ ይደፋል፤ እዚያው ሣር ይበቅልበታል። ያንን ፈጭቶ፣ አሙቆ፣ መልሶ ለመንገድ ማዋል ይቻላል ወይ የሚለውን ሳጠና ዓመታት አልፈዋል። በቤተ ሙከራ ሰባብሬዋለሁ፣ አቅልጬዋለሁ፤ ሽታው ከልብሴ አይለቅም። በአገሬ መሬት ላይ እንደገና ተነጥፎ ሰው ሲሄድበት ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

አሁን መሥሪያ ቤታችን ከቡሬ ወዲያ ያለውን አንድ የመንገድ ክፍል አፍርሶ የሚሠራ ተቋራጭ እየመረጠ ነው። ከተጫራቾቹ አንዱ፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ ከማንኩሳ በላይ ባለች አንዲት መንደር በአሮጌ አስፋልት የሙከራ መንገድ ሠርቻለሁ ብሎ ፎቶ አቅርቧል። ሌሎቹ ይህ ልምድ የላቸውም። አለቃዬ ፎቶውን ሲያይ አስጠራኝ። «ሂጂና እዪው፤ ቆፍረሽም እዪው። እውነት ከሆነ ሥራው የእነሱ ነው» አለኝ።

ከደስታዬ ብዛት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስመኘው በኖርኩት መንገድ ላይ ልቆም ነው።

ረፋድ፤ ከመራዊ እስከ ቡሬ

መራዊ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች። በቆጋ የመስኖ ቦይ ዳር ያለው ማሳ በዚህ ወር እንኳ አረንጓዴ ነው፤ የመንገዱ ጥግ በሽንኩርት ጆንያ ተሞልቷል። ጋሽ ይሁኔ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ በመስኮት ዋጋ ይጠይቃል፤ ሲነግሩት «ኧረ እባካችሁ!» ብሎ ይነዳል። ሊገዛ አይደለም፤ ያለፈበትን አገር ዋጋ ሳያውቅ መሄድ አይወድም። ዳንግላ ላይ ሻይ በአምባሻ ቀመስን። እንጅባራ ጉሙ ገና አልተነሣም፤ ፈረሰኞች ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላሉ፣ መልሰው ይሰወራሉ። በየአጥሩ የቀርከሃ እስር ተደግፏል።

ከዚያ ቁልቁል ወደ ቡሬ ስንወርድ አገሩ ይሞቃል፤ ይቀላልም። ቀይ አፈር፣ ቀይ በርበሬ። ገበሬው በርበሬውን የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ አስጥቶታል፤ ጥቁሩ ንጣፍ ፀሐይ ስለሚይዝ ቶሎ ያደርቅለታል። ጋሽ ይሁኔ በርበሬ ላለመርገጥ ወደ መሐል ይገባል፤ ከፊታችን የሚመጣውም አይሱዙ በዚያኛው ወገን ላለው በርበሬ ሲል ወደ መሐል ይገባል። ሁለቱ ሲቃረቡ እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ቡሬ መተላለፊያ ከተማ ነው። የነቀምት መንገድ የሚገነጠልበት አካባቢ ተሳቢዎች ተሰልፈዋል፤ ሾፌሮች ጎማ ሥር ጋደም ብለዋል፤ ሴቶች የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ይሸጣሉ። የድርጅቱ ተወካይ አቶ ፍጹም እዚያ ጠበቀን። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ፈገግታ የማያልቅበት ሰው ነው።

«ዌልካም ኢንጂነር! ስለ ሥራዎ ሰምቻለሁ። ዛሬ የሚያዩት ነገር ያስደስትዎታል፤ ግዴለም ይመኑኝ።»

ጾም ስለሆነ ሱፍ ፍትፍትና ሽሮ አዘዝን። ስንጨርስ ሒሳቡን አስቀድሞ እንደከፈለ ነገረን። «ይህማ አይሆንም» ብዬ የሁለታችንን ድርሻ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ተሳሳቅን። ያን ጊዜ ሰውየውን ወደድኩት፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

ከሰዓት በኋላ፤ ከማንኩሳ በላይ

ማንኩሳ ላይ ከፍጹም ጋር ዋናውን መንገድ ለቀን ወደ ላይ ተገነጠልን። በየአውድማው ጤፍ ይወቃል፤ ገለባው በነፋስ እየበረረ መስታወታችን ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ወንዝ አገኘን። ድልድይ የለውም። በጋ ስለሆነ ውኃው ከግማሽ ጎማ አያልፍም፤ ዳርና ዳሩ ግን ከሰው ቁመት በላይ ተቦርቡሯል። ክረምት ምን እንደሚመስል ማሰብ አያቅትም። ጋሽ ይሁኔ አማተበና ገባ። ማዶ ስንወጣ ነው ያየሁት።

ጥቁር መንገድ። ከወንዙ ዳርቻ ተነሥቶ፣ አቀበቱን ይዞ፣ ከላይ እስካለው ትልቅ የሾላ ዛፍ ድረስ ይወጣል። ስፋቱ አንድ መኪና በጭንቅ ያሳልፋል። ከመኪናው ወርጄ ተንበረከክሁና በእጄ ዳሰስኩት። ፀሐይ የዋለበት ነውና ይሞቃል። አስፋልት ነው። ያረጀ፣ የነጣ፣ የማውቀው አስፋልት። እንባዬ መጣ። ጋሽ ይሁኔ አይቶ እንዳላየ ወደ ወንዙ ዞረ።

«እንዴት ነው?» አለ ፍጹም ከኋላዬ። «ሪሳይክልድ ነው፣ ኢንጂነር። ድርጅታችን ያኔ ዋናውን መንገድ ሲጠግን ያነሣው አስፋልት ነው። አንድ አዲስ ጠጠር አልገባበትም።»

ቀኑ እየመሸ ስለነበር፣ ከብቱም ወደ በረት ሲገባ አቧራውን ስላነሣው፣ ቁፋሮውን ለማግስቱ አደረግሁት። ልንመለስ ስንል የአጥቢያው የቅኔ መምህር መሪጌታ ይኄይስ መቋሚያቸውን ይዘው ቁልቁል መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። ፍጹም አስተዋወቀን።

«አባታችን፣ ይህን መንገድ ድርጅቱ ነው የሠራላችሁ?» አልኳቸው።

መሪጌታ መንገዱን አዩ፤ ፍጹምን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

«ልጄ፣ እነሱ ባይጥሉልን ኖሮ እኛ በምን ላይ እንሄድ ነበር?»

ፍጹም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። መንገድ ጣሉልን፣ መሠረት ጣሉልን እንደማለት ነው የሰማሁት። መሪጌታ ግን አልሳቁም።

ማምሻውን፤ ፍኖተ ሰላም

ፍኖተ ሰላም ገብተን አልጋ ያዝን። የከተማው ማንጎ ወቅቱ ስላልሆነ ጭማቂ ቤቱ ያለው አቮካዶ ብቻ ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጠን ስንጠጣ አለቃዬ ደወለ።

«አለ?»

«አለ! በእጄ ነካሁት!»

«በይ እንግዲያው ነገ ቆፍረሽ ናሙናውን ይዘሽ ነይ። ሰኞ እንዘጋዋለን።»

ዓርብ ጠዋት፤ አቀበቱ ላይ

ናሙና የሚወሰደው ንጣፉ ጥሩ ከሆነበት ቦታ ነው። የአቀበቱን ወገብ መረጥኩ። እዚያ ላይ መንገዱ በጣም ደልዳላ ነው፤ አንድም ስንጥቅ አይታይበትም። በኖራ ካሬ አሰመርኩ። ፍጹም ካሜራውን አዘጋጀ። ጋሽ ይሁኔ እጁ ላይ እንትፍ ብሎ ዲጂኖውን ወደ ላይ አነሣ።

«በሕግ አምላክ! በሕግ አምላክ ብያለሁ!»

ጋሽ ይሁኔ ዲጂኖውን እንዳነሣ ቀረ። ጥቁር የለበሱ ሴት ከላይ ካለ ቤት አጥር በር እየሮጡ ቁልቁል መጡ። ነጠላቸው ወድቆ ከኋላቸው ቀርቷል። አጠገባችን ሲደርሱ ምንም ሳይሉ ያሰመርኩት ካሬ ላይ ቁጭ አሉ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

በሥራዬ ብዙ ቦታ ቆፍሬአለሁ፤ የእርሻዬ ድንበር ነው ብሎ የተቆጣኝ አለ፣ ካሣ ስጪኝ ያለኝ አለ። ሰው መንገድ ላይ ተቀምጦ በገላው ሲከላከል ግን አይቼ አላውቅም።

«እማማ፣ ምነው?» አልኳቸው። «ትንሽ ጉድጓድ ናት፤ መልሰን እንደፍናታለን።»

«ኸዚህ ላይ አይቆፈርም። መቆፈር ካማራችሁ እኔን ቆፍሩኝ።»

«ወይዘሮ እናኑ!» አለ ፍጹም። ፈገግታው ጠፍቷል። «ይነሡ እንጂ። ተነጋግረን ጨርሰናል እኮ!»

ዞር ብዬ አየሁት። «ምንድን ነው የተነጋገራችሁት?»

የመለሱልኝ ወይዘሮ እናኑ ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ።

«ልጄ የሞተችበት ቦታ ነው» አሉ።

ይህን ሲሉ ቀሚሳቸውን ወደ ጉልበታቸው ሰበሰቡ፤ ጨርቁ አቧራውን ጠርጎት ከሥሩ አንድ ነገር ታየኝ። ነጭ ቀለም ነው። የዋናው መንገድ መሐል ላይ የሚቀባው ነጭ መስመር ቁራጭ። ተንበርክኬ አቧራውን በእጄ ጠረግሁት። ሌላ ነጭ ቁራጭ፣ ወደ ጎን የዞረ። እልፍ ብሎ ሌላ፣ ወደ ሽቅብ የዞረ። ትናንት በአቧራ ተሸፍኖ ስለነበር አላየሁትም። በማሽን ቢፈጭ ኖሮ ነጩ መስመር ከጥቁሩ ጋር ዱቄት ሆኖ በጠፋ ነበር። ይህ ቁርጥራጭ በሰው እጅ፣ አንድ በአንድ፣ ጎን ለጎን የተገጠመ ነው። ቀና ብዬ እስከ ሾላው ድረስ ያለውን አቀበት አየሁ።

«ማነው የሠራው?» አልኩ። ማንን እንደጠየቅሁ አላውቅም።

ሰው ተሰብስቦ ነበር። መሪጌታም መጥተዋል። ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

«እናኑ፣ አንቺው ንገሪያት» አሉ መሪጌታ። «ከእንግዲህ ምን ይደበቃል።»

ወይዘሮ እናኑ ከተቀመጡበት ሳይነሡ ነገሩኝ። ውባለም የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ በሐምሌ ምጥ ያዛት፤ ምጡ ከበዳት። ወረዳው አምቡላንስ ላከ፤ አምቡላንሱ ግን ከማንኩሳው አስፋልት ማለፍ አልቻለም። ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመዋት ቁልቁል ወደ ወንዙ ይወርዱ ጀመር። ዝናቡ አላባራም። ያ አቀበት ያኔ ቀይ ጭቃ ነው፤ ሰው ለብቻውም አይቆምበትም። እዚህ ወገቡ ላይ ሲደርሱ የፊተኛው ተሸካሚ አዳለጠው፤ ሌሎቹም ተከትለው ወደቁ። ቃሬዛው ተገለበጠ። አንሥተው እንደገና ሲሸከሟት እንደገና ወደቁ። ሦስተኛ ማንሣት አላስፈለጋቸውም።

«እናቴ ቀስ በሉ በያቸው ትለኝ ነበር» አሉ ወይዘሮ እናኑ። «ቀስ እያሉ ነበር እኮ። ከዚያ ወዲያ ምን ቀስ አለ።»

«እግዚአብሔር ያጥናዎት» ማለት ነበረብኝ። ጋሽ ይሁኔ ነው ያለልኝ።

በመጣው መስከረም ዝናቡ ሲያቆም ድርጅቱ ዋናውን መንገድ ሊጠግን መጣ። የተነሣውን አሮጌ አስፋልት ማንኩሳ ዳር ይደፋው ጀመር። ወይዘሮ እናኑ ከገበያ ሲመለሱ ክምሩን አዩት። በማግስቱ አህያቸውን ይዘው ሄዱና ሁለት ጆንያ ቁራጭ ጭነው ተመለሱ። በማግስቱም። ሰው መጀመሪያ ሐዘኑ አእምሮዋን ነካው ብሎ ነበር። ከውባለም ተሸካሚዎች አንዱ፣ ያ መጀመሪያ ያዳለጠው፣ የራሱን አህያ ይዞ ተከተላቸው። ቀጥሎ ባልንጀሮቹ። በመጨረሻ መሪጌታ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው ተናገሩ፤ አጥቢያው በሙሉ ወጣ። በጋውን ሁሉ ድንጋይ ከሥር ደለደሉ፤ ቁራጩን ገጠሙ፤ ገለባ አንድደውበት ሬንጁ ሲለሰልስ በግንድ ደቁት። በሚቀጥለው ክረምት ወላድ ሲሸከሙ እዚህ ላይ የወደቀ የለም።

መሪጌታ ትናንት ያሉኝ ያኔ ነው የገባኝ። «ባይጥሉልን ኖሮ» ነበር ያሉት። የደፉትን፣ የጣሉትን ማለታቸው ነበር። ቃሉን ሳይዋሹ ተናግረውታል፤ እኔ ነኝ ደስ ያለኝን የሰማሁት።

ዓርብ ረፋድ፤ እዚያው

ወደ ፍጹም ዞርኩ። «የሰው ሬሳ የወደቀበትን መንገድ ነው የራሳችሁ ያደረጋችሁት?» አልኩት።

«ይህን ስለ ልጅቷ አላውቅም ነበር፤ በእውነት አላውቅም» አለ። አለማወቁ ከፊቱ ይታያል። «መንገዱን ግን ሕዝቡ ራሱ ተስማምቶ ነው።»

ሁለተኛው ድንጋጤ ይህ ነበር። እውነቱን ነው፤ ተስማምተዋል። ባለፈው ወር ፍጹም የቀበሌውን ሊቀ መንበር ይዞ መጥቶ ነበር። የማሸነፍ ዕድላችን በእናንተ እጅ ነው፤ መንገዱን እኛ እንደሠራነው ተናገሩልን፤ ሥራውን ስናገኝ ማሽኖቻችን ማንኩሳ ናቸው፤ ለወንዛችሁ ድልድይ እንሠራላችኋለን ብሏቸዋል። ሽማግሌዎቹ ሾላው ሥር ተቀምጠው መክረው እሺ ብለዋል። ወይዘሮ እናኑም እሺ ካሉት ውስጥ ናቸው።

«እንዴት እሺ አሉ?» አልኳቸው። «የእርስዎ ሥራ ነው። የውባለም ነው።»

«ስሙን ይውሰዱት» አሉኝ፤ እንደ ሞኝ እያዩኝ። «እኛ ሠራን ብለው ይጻፉ። ስም ለእኔ ምን ይሠራልኛል? እኔ ድልድይ ነው የምፈልገው። ምጥ የያዛትን ተሸክመን ሳንወድቅ ወርደን ኸወንዙ አፍ ላይ ወንዙ ሲመልሰን፣ ይህ ሁሉ አስፋልት ምን ሊረባን? ዝም ብዬ ነበር። ዲጂኖውን ኸዚህ ላይ ሳየው ነው ያልቻልኩት።»

መሪጌታ ቀረብ አሉኝና ዝግ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ የሰማሽውን እዚሁ ብትተይውስ? ለእኛ ብለሽ» አሉኝ።

እውነቱን ብጽፍ ድልድያቸውን የነሣኋቸው እኔ ልሆን ነው። ዝም ብልስ? የጨረታውን ሥራ እኔ አውቀዋለሁ፤ ከዋናው መንገድ ውጭ አንድ ክንድ አይሄድም። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«መሪጌታ፣ በሥራው ውስጥ ይህ ወንዝ የለም። ቢያሸንፉም ድልድዩን እንዲሠሩ የሚያስገድዳቸው የለም።»

መሪጌታ ወደ ፍጹም ዞሩ። «እንዲህ ነው ወይ?»

«በራሳችን ፈቃድ ነው የምንሠራው፤ በቃል ተነጋግረናል…»

«ደውልላቸው» አልኩት። «አሁን፣ ሕዝቡ ባለበት ደውልላቸው። እሺ ካሉ እሺ ማለታቸውን ይስሙ።»

ኔትወርክ የሚገኘው ሾላው ጋ ነው። ፍጹም ሽቅብ ወጣ። ከታች ሆነን እናየዋለን፤ እጁን እያወናጨፈ ይናገራል፤ ከዚያ ዝም ብሎ ይሰማል፤ እንደገና ይናገራል። የለመነላቸው ይመስለኛል። ብዙ ቆይቶ ተመለሰ። ፊቱ በላብ ርሷል።

«ምን አሉ?» አሉ ወይዘሮ እናኑ።

«መጀመሪያ እናሸንፍ… ካሸነፍን በኋላ ይታያል ብለዋል።»

ይታያል። ይህቺን ቃል በወረዳ ደጅ የተመላለሰ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ሳቁ፤ ደስታ የሌለው ሳቅ ነው። አንዷ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ወይዘሮ እናኑ ተነሡ። ቀሚሳቸውን አራገፉ።

«ቆፍሪ፣ ልጄ» አሉኝ። «ኸዚህ ግን አይደለም። ኸሾላው ሥር ቆፍሪ። እሱን ያነጠፍነው አጨዳ ደርሶብን፣ ደክሞን ሳለ ነው፤ ድሮም ጥሩ አይደለም።»

ሾላው ሥር ቆፈርን። ከላይ አስፋልቱ አንዱ ጋ ስንዝር፣ አንዱ ጋ ሁለት ጣት። ከሥሩ የወንዝ ድንጋይ፣ የገለባ አመድ። ከድንጋዩ መካከል አንድ የላስቲክ ጫማ ወጣ። ጋሽ ይሁኔ በዲጂኖው ጫፍ ከፍ አድርጎ ሲያሳይ አንድ ጎልማሳ «የእኔ ነው! ስንት ቀን ፈለግሁት!» ብሎ ጮኸ፤ ያ ሁሉ ሰው፣ ወይዘሮ እናኑ ሳይቀሩ፣ ሳቀ። በኋላ ሰማሁ፤ ሰውየው ያ መጀመሪያ ያዳለጠው ተሸካሚ ነው።

ጉድጓዱን የሞሉት እነሱው ናቸው። እኔን አላስነኩኝም።

ወደ መኪናው ስንወርድ ፍጹም ተከተለኝ። ከቡሬ ጀምሮ «እርስዎ» ሲለኝ የነበረው ሰው አሁን «አንቺ» አለኝ።

«አንቺ ምን ይጎድልብሽ ነበር? እኛ ሥራ እናገኝ ነበር። አንቺም ጥናትሽ መሬት ላይ ወረደ ትይ ነበር። አሁን ማን ምን አገኘ?»

ነገሩ ያመመኝ ከፊሉ እውነት ስለሆነ ነው። ትናንት ተንበርክኬ ሳለቅስ ይህንኑ ነበር የፈለግሁት።

ቅዳሜ፤ ማንኩሳ

ፍኖተ ሰላም አድረን ስንመለስ ማንኩሳ መገንጠያው ላይ ወይዘሮ እናኑ ቆመዋል። አህያቸው ላይ የበርበሬ ጆንያ ጭነው ገበያ ሊወርዱ ነው። ጋሽ ይሁኔ መኪናውን አቆመ። የመጡት ሊወቅሱኝ መሰለኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነው» አሉኝ በመስኮቱ። «ይህ አሁን የምትሠሩት መንገድ፣ የድሮው አስፋልቱ ይነሣል አሉ። መቼ ነው የሚነሣው?»

«ለምን ፈለጉት?»

«ኸወንዙ ወዲህ ያለው ገና ነዋ! እስከዚህ ድረስ ጭቃ ነው። እኛ የሠራነው ወዲያ ያለውን ብቻ ነው። ቀኑን ብናውቅ አህዮቹን እናዘጋጃለን።»

ከዓርቡ ሁሉ ይልቅ ይህ ጥያቄ አስደነገጠኝ። ትናንት የተነጠቁ፣ የተታለሉ፣ ተስፋቸውም ፊታቸው ላይ የፈረሰ ሴት ዛሬ ጠዋት ስለ ቀጣዩ ሥራ ይጠይቁኛል።

«ማንም ያሸንፍ፣ መነሣቱ አይቀርም» አልኳቸው። «ቀኑ ሲቆረጥ ለመሪጌታ እደውላለሁ።»

«እንዳትረሺ» አሉኝና አህያውን ወጋ አደረጉት።

መራዊ ላይ ጋሽ ይሁኔ የሽንኩርት ዋጋ ሳይጠይቅ አለፈ።

ባሕር ዳር

አለቃዬ ቢሮ ጠብቆኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ሰማኝና «ያሳዝናል» አለ፤ ቀጥሎም፣ «ግን መንገዱ አለ አይደል? አሮጌ አስፋልት እንደሚሠራ ታይቷል። ማን ሠራው ለእኛ ምን ለውጥ ያመጣል?» አለኝ።

ከዚያ ሰው ይህን እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም።

«የሠራው የሰው እጅ ነው። ይህ ድርጅት የሠራው ነገር ቢኖር አምጥቶ መድፋት ነው። እሱ ደግሞ ልምድ አይባልም።»

«እሺ፣ እንደ ባለሙያ ንገሪኝ። መንገዱ ጥሩ ነው ወይስ አይደለም?»

«ለመኪና አይሆንም። ለቃሬዛ ይሆናል።»

አለቃዬ ወንበሩን ስቦ «በይ እንዲሁ አድርገሽ ጻፊው» አለኝ።

እንዲሁ አድርጌ ጻፍኩት። ድርጅቱ ወደቀ፤ ሥራውን ሌላ ወሰደው። አንድ ነገር ለምኜ አስገባሁ። አሸናፊው የሚያነሣውን አሮጌ አስፋልት የትም አይደፋም፤ የፈለጉት ቀበሌዎች እስካሉት ቦታ ድረስ ወስዶ ያራግፋል። ለጥናቴ ብዙም አይጠቅመኝም። ማሽን አይነካውም፣ ቤተ ሙከራም አይገባም። ግን እዚያ ድረስ ይሄዳል።

በመጋቢት መሪጌታ ደወሉልኝ። የመጀመሪያው ገልባጭ መኪና ከወንዙ ወዲህ፣ በማንኩሳ በኩል አራግፎ ሄዷል አሉኝ። ወይዘሮ እናኑ ክምሩ ላይ ወጥተው ትልልቁን ከትንሹ እየለዩ ነው። ከጎረቤት አጥቢያ ሳይቀር አህያ መጥቷል።

«ድልድዩስ?» አልኳቸው፤ ለመስማት እየፈራሁ።

«ድልድዩን ለወረዳው ነግረናል» አሉ በዚያ ዝግ ባለ ድምፃቸው። «ለእግዚአብሔርም ነግረናል። ማን ቀድሞ እንደሚሰማ እናያለን።»